ክንፍ ያለው ጉማሬና የእድራችን ማህተም

ባለቤቴ በሕይወቱ ለማንም አስር ከአስር ሰጥቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ሳለን የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ሚኒያፖሊስ ከገባን ወዲህ በዊልቸር የሚሄዱ በሽተኞችን ክሊኒክ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ሥራው ተቀየረ እንጂ አራሚነቱ አልለቀቀውም። በረዶ የሚጠርገው መኪና መንገዳችንን ጠርጎ ሲያልፍ በመስኮት አይቶ «ስድስት» ይላል። የቄሱ ስብከት ሰባት ያገኛል፤ ከረዘመ አምስት። ለሠርጋችን የለበስኩት ቀሚስ ስምንት ማግኘቱን የሰማሁት ከተጋባን ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱ ለምን እንደተቀነሰ ብጠይቀው «እጅጌው ላይ ስፌቱ ይሳባል» አለኝ፣ ሳያቅማማ። ያን ቀን ምሳውን ራሱ አሙቆ በላ።

አንድ ልጅ አለችን። እዚሁ ተወልዳ ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ያደገች ናት፤ በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ዘጠና ስምንት ይዛ ስትመጣ አባቷ ወረቀቱን አገላብጦ «ሁለቷ የት ሄደች?» ይላል። አንድ ጊዜ መቶ ከመቶ አመጣች። ወረቀቱን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጎ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነበበና «ፈተናው ቀሎ ነው» አለ። በክፋት አይደለም። አስር ያገኘ ሰው ማጥናት ያቆማል ብሎ ከልቡ ያምናል። እኔ ግን ትዕግሥት ሲታደል ከሰልፉ ውጭ የነበርኩ ሴት ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደተጣላን አትጠይቁኝ።

ይቺ ልጅ ካርድ ትሰበስባለች። መጀመሪያ ካርታ መስሎኝ ቁማር ለመደች ብዬ ደንግጬ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። በላያቸው አውሬ የተሳለባቸው፣ በትንንሽ ፓኬት የሚሸጡ ካርዶች ናቸው፤ ልጆች ይጫወቱባቸዋል፣ ይለዋወጧቸዋል፣ ያደጉትም ልባቸው አልቆርጥ ብሎ ያስቀምጧቸዋል። ከሁሉም የምትወዳት ክንፍ ያለው ጉማሬ የተሳለባትን ነው። ትንሽ ልጅ ሆና ሴዳር ሪቨርሳይድ ባቡር ጣቢያ ቆመን ፓኬቷን ስትቀድ የወጣችላት ካርድ ናት። የዚያኑ ዕለት ላስቲክ አልብሳ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀመጠቻት። ለምን እዚያ እንዳስቀመጠች ከዓመታት በኋላ ስጠይቃት፣ ቤት ውስጥ ማንም የማይነካው ነገር ፈልጋ እንደሆነ ነገረችኝ።

ነገሩ የተጀመረው የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቷ ላይ፣ ኮቪድ የሚባል ስም ገና ሳይሰማ፣ ቅጠሉ መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ነው። ከትምህርት ቤት ይዣት ስመለስ መኪና ውስጥ እንዲህ አለችኝ።

«ማሚ፣ ጉማሬዋን ግሬድ ላስደርጋት ነው።»

«ምን ልታስደርጊያት?»

ነገረችኝ። ሌላ ስቴት ውስጥ ሥራቸው ይሄ ብቻ የሆነ ሰዎች አሉ። ካርዱን በፖስታ ትልክላቸዋለህ፣ በአጉሊ መነጽር ያዩታል፣ ማዕዘኑን፣ ጠርዙን፣ ጭረቱን፣ ሥዕሉ መሀል ላይ መዋሉን ይመረምራሉ፤ ከዚያ ከአስር ነጥብ ሰጥተው ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው ይመልሱታል።

«ከአስር ነጥብ የሚሰጥ ሰው ፍለጋ ነው በፖስታ የምትልኪው?» አልኳት። «አባትሽ ቤት ቁጭ ብሎ?»

አልሳቀችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፤ «እኔ ብቻ ነኝ ያንከባከብኳት። አንዲት አስር እንኳን በስሜ ቤታችን ትግባ፤ አባዬ ባይሰጠኝ የማያውቀኝ ሰው ይስጠኝ።»

«ልትሸጫት ነው?»

«ኖ። ኔቨር።»

የምዞርበትን መንገድ አልፌው ሄድኩ። ልጄ አሳዘነችኝ፤ እሱ ላይ ደግሞ ንዴቴ መጣ። ለአባቷ ግን እንዳልነግረው አስማለችኝ፣ እኔም አልነገርኩትም። እሱ የሰማው ካርዷ ልትታረም መሆኑን ብቻ ነው። ያም በቂ ነበር፤ አራሚዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ በምን መስፈርት እንደሚያርሙ ካላወቅሁ ብሎ ቤቱን አመሰው።

ስለዚህ ቅዳሜ ሦስታችን አፕል ቫሊ ወደሚገኝ የካርድ ሱቅ ሄድን፤ ልጄ ካርድ የምትገዛበት ነው። የሱቁ ባለቤት ግዙፍ ፈረንጅ ነው። ጠዋት የመኪናችንን መስታወት ውርጭ ፍቀን የወጣንበት ቀን ላይ ቁምጣ ለብሶ ቆሟል። ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አይቶት በጆሮዬ «አራት» አለኝ።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ካርድ አለ። አንዱ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ፣ ነጥቡ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ሌላው መሬት ላይ ባለ ካርቶን ውስጥ እንደ ተራ ልብስ ተከምሯል። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ከካርቶኑ አንዲት ካርድ መዘዘ፤ ቅርጫት የተሸከመ እንጉዳይ ተስሎባታል።

«ይህቺ ለምን አልታረመችም?» ሲል ጠየቀ።

«እሷን ማንም አይልካትም» አለ ባለ ሱቁ። «ለማሳረም የሚከፈለው ከካርዷ ዋጋ ይበልጣል።»

«ታዲያ ጥፋቱ የሷ ነው?»

ባለ ሱቁ ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀም። እንጉዳዩ ፈተና ተከልክሎ በር ላይ የቆመ ተማሪ ሆኖ ታይቶታል፤ ፊቱን አውቀዋለሁ። ልጄ «ኦ ማይ ጋድ» ብላ ወደ ሌላኛው መደርደሪያ ሸሸች።

ባለ ሱቁ ግን ሥራ የፈታ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ኖሮ ወንበር ስቦ ያስረዳው ጀመር። ቆንጆ የሆነ ሁሉ አይታረምም አለ። ብርቅ የሆነም ሁሉ አይታረምም፤ በጣም ብርቅ የሆነውን ያገኘ ሰው ቤቱ ደብቆ ዝም ይላል። ደጋግሞ የሚታረመው፣ ዘጠኝ ሲያገኝና አስር ሲያገኝ በመካከሉ ገደል ያለው ካርድ ነው። ዘጠኝ ካገኘ ካርድ ነው፤ አስር ካገኘ ግን ሰው ሥራውን ትቶ ሊያየው ይመጣል።

«ክንፋሙ ጉማሬስ?» አለ ባለቤቴ።

«እሱ አንደኛ ነው» አለ ባለ ሱቁ። ጉማሬው በወጣበት ጊዜ ልጅ የነበረ ሁሉ ይወደው ነበር። እነዚያ ልጆች አሁን አድገው ደመወዝተኛ ሆነዋል፣ ልጅነታቸውን ከየመሳቢያው እያወጡ ነው። ደግሞ የዚያ ካርድ ጠርዝ ድፍን ጥቁር ነው፤ ጣት ትንሽ ካሸው ነጭ ይወጣበታል። ስለዚህ ዘጠኙ ሞልቷል፣ አስሩ ጥቂት ነው፣ ሁሉም ሰው ግን የእኔዋ አስር ናት ብሎ ይልካል። «እዚያ አራሚዎቹ ቤት በየቀኑ በካርቶን የሚገባው ይሄው ጉማሬ ነው።»

ባለቤቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እኛ አገር መምህር እያለ የታረመ ወረቀት ከመለሰ በኋላ «መምህር፣ ይታይልኝ» ብሎ ቢሮው የሚመጣው ማን እንደነበር ነገረው። ሁለት ያገኘው ልጅ አይመጣም፤ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከታል። ዘጠኝ ያገኘውም አይመጣም። የሚመጣው ለማለፍ አንዲት ነጥብ የጎደለችው ነው፣ ያውም እናቱን ይዞ። ባለ ሱቁ ጉልበቱን መትቶ «ኤግዛክትሊ» አለ። ሁለቱ በዚያ ቅዳሜ ከተስማሙት በላይ እኔና ባለቤቴ የተስማማንበትን ቀን አላስታውስም። ስንወጣ ሱቁ ሰባት አገኘ፤ ቁምጣው ባይኖር ስምንት ነበር።

መኪና ውስጥ ግን ዝም አለ። የባለቤቴ ዝምታ ሁልጊዜ ሊያስፈራኝ ይገባል።

ምን ሲያስብ እንደነበር አሁን ልንገራችሁ፤ እኔና ልጄ ያወቅነው በረዶው መጥቶ ከሄደ በኋላ ነው። ከባለ ሱቁ ንግግር ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረችው «በየቀኑ በካርቶን የሚገባው ይሄው ጉማሬ ነው» የምትለዋ ነበረች። በካርቶን የሚገባ ከሆነ የኛ ጉማሬ ከሰው ጉማሬ በምን ይለያል? ቢቀያየርስ? የልጁን ንጹሕ ካርድ አስቀርተው የሌላ ሰው ጠርዙ የተላጠ ቢልኩላትስ? እሱ ባስተማረበት ትምህርት ቤት መልስ መስጫ ወረቀት ከመታደሉ በፊት በማህተም ይመታ ነበር። ተማሪ ከቤቱ ጽፎ ባመጣው ወረቀት እንዳይቀይረው ነው። ማህተም የሌለው ወረቀት አይታረምም፤ ሕግ ነው።

ማህተም ደግሞ ቤታችን አለ። ባለቤቴ የእድራችን ጸሐፊ ነው፤ የእድሩ ክብ ማህተም በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልሎ ቁምሳጥናችን ውስጥ ይቀመጣል። መሀሉ ላይ ሁለት የተጨባበጡ እጆች አሉት፣ ዙሪያውን የእድሩ ስም ተጽፏል። ልጄ ካርዷን እንደ አራስ ጠቅልላ፣ አሽጋ፣ አድራሻ ጽፋ ለአባቷ ፖስታ ቤት እንዲያደርስላት ሰጠችው። እሱ ማሸጊያውን በምላጭ ከፈተ። እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ጥንቃቄውን ልብ በሉ። ካርዷን አወጣት፣ ፊቷ እንዳይበላሽ ገለበጣት፣ ጀርባዋ ላይ ማህተሙን አሳረፈ፣ እስኪደርቅ እፍ አለባት፣ መልሶ አሽጎ ላካት። ጥርት ያለ ማህተም ነበር፤ ያ እንኳን አይካድም።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ወራት ይፈጃል ተብሎ ስለነበር ክረምቱን ሙሉ ጠበቅን። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ክረምት በቤታችን አላለፈም። ልጄና አባቷ የሚያወሩት ነገር አገኙ። እሱ ከሥራ ሲገባ «አስተካክለው አይተዋት ይሆን?» ይላል፤ እሷ ስልኳን አውጥታ የሌሎች ሰዎችን ጉማሬ ታሳየዋለች፤ ሶፋው ላይ ተጠጋግተው ማዕዘን ይመረምራሉ። እሱ ለሰው ካርድ አምስትና ስድስት ሲያድል እሷ ትስቅ ነበር። «የኛ ከዚህ ትሻላለች» ይላል። «የኛ» ሲል እሷ ቀና ብላ ታየዋለች። እኔ ኩሽና ሆኜ በደስታ ሽንኩርቱን አሳርር ነበር።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ፖስታው መጣ። ልጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እኛ እስክንቀመጥ ጠብቃ ከፈተችው። ጠንካራ ፕላስቲክ የለም። ቁጥር የለም። ካርዷ በራሷ ላስቲክ እንዳለች ተመልሳለች፤ አብሮ የመጣው ቁራጭ ወረቀት፣ ምልክት ስለተደረገባት ነጥብ አይሰጣትም ይላል።

«ምን ምልክት?» አለች ልጄ። ገለበጠቻት። ሐምራዊ ክብ፣ የተጨባበጡ እጆች፣ ዙሪያውን የአማርኛ ፊደል። ክንፋሙ ጉማሬ የቀብር እድራችን አባል ሆኗል።

«ዳድ» አለች ቀስ ብላ። «ዋት ኢዝ ዚስ?»

«ማህተም ነው» አላት፣ ግልጽ ነገር እንደተጠየቀ ሰው። ከዚያ ቁራጯን ወረቀት አንስቶ አነበበና የምር ተቆጣ። «ማህተም ስላለባት ነው ያላረሟት? ማህተም ስለሌላት ቢሉ ይገባኛል።»

ልጄ አልጮኸችም። ካርዷን ይዛ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ አባቷን በእንግሊዝኛም ማናገር አቆመች። እራት ላይ ጨው ሲጠይቃት ጨውን ለእኔ ትሰጠኛለች፣ እኔ ለእሱ አቀብላለሁ።

እኔ ደግሞ መሐላዬን አፈረስኩ። አንዲት አስር ፈልጋ እንደነበር፣ አንተ ስለማትሰጥ ከማያውቃት ሰው ልትለምን እንደሄደች፣ እሷንም አንተው እንዳስቀረህባት፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩትን የቀሚሴን ጉዳይም ጨመርኩበት፤ መንገድ ላይ ስለነበረ። ባለቤቴ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ።

የሄደው የእድሩ ሊቀ መንበር ዘንድ ነው። እሳቸው አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህ ከተማ ከማንኛችንም በፊት የገቡ ጡረተኛ ናቸው። ባለቤቴ ማህተሙን ያለ አግባብ ተጠቅሜያለሁና ከጸሐፊነት አንሱኝ ሊላቸው ነው የሄደው። ምን እንዳሉት በኋላ ራሱ ነገረኝ።

«መምህር፣ ጉማሬው አባል ከሆነ ችግር የለውም» ብለውታል። «መዋጮውን ይክፈል። ሲሞት ድንኳን እንተክልለታለን።»

«ጋሼ፣ እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም። ልጅቱ ምን አለች?»

«ምንም አላለችም። አታናግረኝም።»

«እንግዲያስ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?» ብለው ሻዩን እንኳን ሳያስጨርሱ አሰናበቱት።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባለቤቴ የምግብ ጠረጴዛውን ጠረገ፣ ነጭ ጨርቅ አነጠፈበት፣ ከአንድ ዓይነ ደካማ ተሳፋሪው የተዋሰውን አጉሊ መነጽርና ማስመሪያ ደረደረ። የልጄን በር አንኳኳና «ካርዷን አምጪልኝ፣ አልነካትም፣ አንቺ ነሽ የምትይዣት» አላት። እንዴት እሺ እንዳለች አላውቅም። መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ካርዷን በሁለት ጣቷ ጠርዟን ይዛ አቀረበችለት።

ባለቤቴ መነጽሩን ወደ ካርዷ አስጠግቶ ያያት ጀመር። ያን ያህል አንድን ነገር ሲያይ አይቼው አላውቅም፤ እኔን ሊያገባ ሲመጣም እንዲያ አላየኝም። አንደኛውን ማዕዘን፣ ሁለተኛውን፣ ጥቁሩን ጠርዝ በዙሪያው። ኅዳጉን በማስመሪያ ለካ። ወደ መስኮቱ ብርሃን እንድታዞራት በእጁ ምልክት ሰጣት፣ አዞረችለት። ሽሮው እየገነፈለ ነበር፤ ተነስቼ አላጠፋሁትም።

«ማዕዘን፣ ሙሉ» አለ በመጨረሻ። «ጠርዝ፣ ሙሉ። ገጽ፣ ጭረት የለበትም። ሥዕሉ መሀል ላይ ነው፤ ይህን ያህል ዓመት አንድ ልጅ እንዴት እንዲህ አድርጋ እንዳስቀመጠቻት አይገባኝም።» መነጽሩን አስቀመጠ። «ገልብጫት።»

ገለበጠቻት። ማህተሙ ፈጦ ታየ።

«ማህተም አለባት። ግማሽ ይቀነሳል። ዘጠኝ ተኩል።»

በድስቱ ክዳን አናቱን ልለው ቃጣኝ። ግን ልጄ ቀደመችኝ። ከወንበሯ ተነስታ ተናገረች፣ በአማርኛ። ግሦቿ እየተደናቀፉ፣ ወንዱንና ሴቱን እያደባለቀች፣ ግን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳትለምን።

«ማህተሙን እኔ አላደረግኩም። አንተ ነህ ያደረግሽው። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ጀምሬ ጠብቄያታለሁ። ማንም አልነካትም። አንተ ሳትጠይቀኝ ከፈትክ፣ አንተ መታህ። ለምን ከእኔ ይቀነሳል? ልክ አይደለም። እንደገና ይታይልኝ።»

ባለቤቴ እጆቹን አጣጥፎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስክትጨርስ ሰማት። ንግግሯን አላረመም። ዓይኑ ግን ረጥቦ ነበር፤ እኔም መደበቅ አልቻልኩም፣ በፎጣው ፊቴን ጠረግሁ።

«አቤቱታሽ ትክክል ነው» አላት። «ግማሿ ከእኔ ትቀነስ።»

«እና የኔ ስንት ነው?»

አፉ ለዚያ ቁጥር አልለመደም።

«አስር» አለ።

ልጄ ተቀመጠች። ካርዷን አየቻት፣ እሱን አየችው።

«ለካርዷ ነው?» አለችው።

«ስለ ካርዷ ማን አወራ?» አላት።